ሊዮ ካነር፦ ኦቲዝምን የገለጹት ሐኪም እና የወላጆች ጥያቄ

ልጅዎ ኦቲዝም እንዳለበት ሲነገርዎ ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ዱሮ ያልተሰማ ነገር ዛሬ ለምን በዛ? ጥፋቱስ የእኔ ይሆን? እኔም በምርመራ ክፍል ደጋግሜ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። የዶክተር ሊዮ ካነር ሕይወት ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካነር በ1894 በዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ ተወለዱ። በበርሊን ሕክምና ተምረው በ1924 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1930 በጆንስ ሆፕኪንስ የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አቋቋሙ።

በ1938 ዶናልድ የተባለ የ5 ዓመት ልጅ ወደ እርሳቸው መጣ። አባቱ የልጁን ጠባይ በ33 ገጽ ደብዳቤ አስቀድመው ጽፈው ነበር። ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች (8 ወንዶችና 3 ሴቶች) ባሳተሙት ጽሑፍ ኦቲዝምን ለብቻው እንደሚታይ ችግር ገለጹ። ከልደት ጀምሮ ያለ ነገር እንደሆነም ጻፉ።

ሆኖም ስለ ወላጆቹ ቅዝቃዜ የጻፉት ነገር ብዙ እናቶችን ለዓመታት አስወቀሰ። በ1969 በወላጆች ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆመው ወላጆች ጥፋተኛ አለመሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። በ1981 አረፉ።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ጨመረ? ካነር ኦቲዝም የሚሉት የጠበበ መስፈርት የሚያሟሉትን ልጆች ብቻ ነበር። በ1966 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ከ10,000 ልጆች ከ4 እስከ 5 የሚሆኑትን አገኘ። በአሜሪካ 8 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል በ2000 ከ150 አንዱ፣ በ2020 ደግሞ ከ36 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ታወቀ። ዋናው ምክንያት መስፈርቱ መስፋቱ ነው። ቀላል ምልክት ያላቸው፣ በደንብ የሚናገሩ፣ ዱሮ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብቻ አለባቸው ይባሉ የነበሩ ልጆችም ዛሬ ይቆጠራሉ። በልጅነት የሚደረገው ምርመራም በዝቷል፤ ሳይታወቅላቸው ይቀሩ የነበሩ ሴት ልጆችም እየታወቁ ነው። የወላጆች ዕድሜ መጨመርና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሕይወት መትረፍ የተወሰነ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ክትባት ግን ኦቲዝምን አያመጣም። ይህ በብዙ ትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል።

ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ፤ እርግማንም አይደለም። ልጅዎ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በጣቱ ካላመለከተ፣ ወይም የጀመረውን ቃል ከተወ፣ ጊዜ ሳይወስዱ ሐኪም ያማክሩ። የዶናልድ አባት እንዳደረጉት ያዩትን ጽፈው ይዘው ይምጡ። ለእኛ ለሐኪሞች ከዚያ የተሻለ መነሻ የለንም።