ታላቁ ጎርጎርዮስና የልደት በዓል ልማዶች

አንዳንዶቹ የልደት በዓል ልማዶች ከአረማውያን የመጡ ናቸው ሲባል እንሰማለን። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የታላቁን ጎርጎርዮስን ሕይወት እንመልከት።

ጎርጎርዮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ540 ዓ.ም. ገደማ በሮም ከመኳንንት ወገን ተወለደ። የከተማይቱ ገዥ ከሆነ በኋላ ሹመቱን ትቶ መነኰሰ። በ590 የሮም ሊቀ ጳጳሳት ሆነ፤ በ596ም አውግስጢኖስ የሚባለውን መነኩሴ ከጓደኞቹ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ላከ።

እንግሊዞች ያን ጊዜ ጣዖት ያመልኩ ነበር። ዓመታቸውን በዲሴምበር 25 ቀን ይጀምሩ፣ ሌሊቱንም የእናቶች ሌሊት እያሉ ያከብሩ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊው ቤዳ ይነግረናል።

ጎርጎርዮስ በ601 የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ቤተ ጣዖቶቹን እንዲያፈርስ ጻፈለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሰው የለመደውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ቈርጦ መጣል እንደማይችል ተረድቶ አሳቡን ለወጠ። ጣዖቶቹ እንዲሰበሩ፣ ቤቶቹ ግን ጠበል ተረጭቶባቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ፣ ለጣዖት ይታረድ የነበረውም በሬ በክርስቲያን በዓል ቀን ለእግዚአብሔር ምስጋና እንዲበላ አዘዘ።

በ604 ዐረፈ። እንግሊዞች ያንን የብርድ ወራት የሚጠሩበት ዩል የሚባለው ቃል ግን እስከ ዛሬ በቋንቋቸው የልደት በዓል ሌላ ስም ሆኖ ይነገራል። እንግዲህ አንድን ልማድ ከመንቀፋችን በፊት፣ ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን አሁን ለማን ክብር እንደሚደረግም እንጠይቅ።