ኬይሱኬ ሰሪዛዋ፣ ጃፓናዊው የጨርቅ አቅላሚ

በጅቡቲ ፀሐይ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ቀለሙን ሲለቅ ያላየ ቤተሰብ በመካከላችን የለም። ቀለም አጥብቆ የሚይዝ ጨርቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ስለምናውቅ፣ ዘንድሮ የኬይሱኬ ሰሪዛዋን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ሰሪዛዋ እ.ኤ.አ. በ1895 በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። ቶኪዮ ዲዛይን ተምረው በ1916 ተመረቁ። በ1928 አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ቢንጋታ የሚባለውን የኦኪናዋ ደሴት ባለቀለም ጨርቅ አዩና ልባቸው ወደ ማቅለም አዘነበለ። በ1939 ወደ ደሴቲቱ ተሻግረው ከአገሬው ባለሙያዎች ተማሩ።

አሠራሩ ከእኛ ጥበብ ይለያል። በሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሸመናል፤ እዚያ ግን ሥራው የሚጀመረው ነጩ ጨርቅ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ነው። በቢላዋ ቅርጽ የወጣለት ጠንካራ ወረቀት ጨርቁ ላይ ይነጠፍና ከሩዝ ዱቄትና ከሩዝ ፉርሽካ የተሠራ ሙጫ ይቀባበታል። ወረቀቱ ተነሥቶ ሙጫው ሲደርቅ ቀለሙ በብሩሽ ይከተላል። በመጨረሻ ጨርቁ ሲታጠብ ሙጫው ይለቅና ሥሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚያጣብቀው የአኩሪ አተር ወተት ነው። ነጠላ ላይ የደረቀ ሽሮ ያስቸገራቸው እናቶች ይህ አይደንቃቸውም።

ቢንጋታ ቀድሞ የነገሥታትና የመኳንንት ልብስ ነበር። ሰሪዛዋ ግን ዘዴውን ለሱቅ በር መጋረጃና ለመሳሰሉት የዕለት ተዕለት ዕቃዎች አዋሉት። በልማዱ ንድፍ አውጪው፣ ወረቀት ቆራጩና አቅላሚው የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ሦስቱንም በገዛ እጃቸው ሠሩ። ለእኛ ትልቁ ድፍረታቸው ይህ ይመስለናል።

በ1945 ቶኪዮ በአየር ስትደበደብ ቤታቸው ከነሥራ ቦታቸው ተቃጠለ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ደርሶ ነበር። ጨርቅ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ወቅት፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ በማይቀደድ በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይ የቀን መቁጠሪያ ማቅለም ጀመሩ። ሥራው ተወደደና በየዓመቱ ይወጣ ጀመር። በ1955 የራሳቸውን የወረቀት ማቅለሚያ ተቋም ከፈቱ፤ በማግስቱ ዓመት የጃፓን መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብለው ከሚከበሩት ባለሙያዎች አንዱ አደረጋቸው።

ሥራዎቻቸው በ1976 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ በግራን ፓሌ ለሕዝብ ሲታዩ፣ ጅቡቲ ነፃነቷን ልታገኝ ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። በ1981 በስማቸው የተሰየመ ሙዚየም በሺዙኦካ ተከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ88 ዓመታቸው አረፉ።