ሲጠሩት የሚመጣ ፈረስ

ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር ሲከበር ፈረሰኞች በጉግስ ይወዳደራሉ። የጉግሱ ፈረስ ግን መጀመሪያ ከግጦሽ መያዝ አለበት። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስም እስከ ዛሬ የሚታወሱት በፈረሳቸው ስም፣ አባ ታጠቅ ተብለው ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ይማሩበት የነበረው ገዳም በጦር ሲዘረፍ በሕይወት አመለጡ፤ አድገውም በቋራ ቆላ ሸፈቱ። ለሽፍታ ፈረስ ጌጥ አይደለም። ጠላት በሌሊት ሲደርስ ከጌታው የሚሸሽ ፈረስ ጌታውን ያስይዛል። የዘመኑ ጦረኛ በፈረሱ ስም መጠራቱም ሁለቱ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል።

ዛሬ በጉና ተራራ ግርጌ ላለ ገበሬ ጉዳቱ ገበያ ማርፈድ ነው። ለሥራ ብቻ የሚፈለግ ፈረስ ገመድ ሲያይ ይሸሻል፤ ለእሱ ገመድ ማለት ጭነት ነውና። አምስት ሰው ከቦ ማዋከብም መሸሽን ያስተምረዋል፤ የጎረቤት ገብስም ይረገጣል። ይልቅ ገመዱን ሳይደብቁ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ከፊቱ ሳይሆን በትከሻው በኩል ቀስ ብሎ መቅረብ ይሻላል። ጆሮውን አቁሞ ከቆመ ባለቤቱም ይቁም። ሲጠጋ ስሙን እየጠሩ አንድ እፍኝ ገብስ መስጠት፣ አንገቱን ማሻሸት፣ ከዚያም ሳይጭኑት መልቀቅ ነው። ይህ ለቀናት ሲደጋገም ስሙን ከመኖ ጋር ያያይዘዋል። ዘግይቶ የመጣውን ፈረስ መምታት ግን የሳምንቱን ልፋት ያጠፋል፤ የተመታው ስለ መዘግየቱ ሳይሆን ስለ መምጣቱ ይመስለዋል።

ካሳ ሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን አሸንፈው በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ወዶ የተከተላቸው ጦር ብዙ ነበር። ቅጣታቸው እየበረታ ሲሄድ ግን እየከዳ ተመናመነ፤ የበጌምድር ሰው ራሱ ሸሻቸው። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ እየጠረጉ ለመድረስ አምስት ወር ያህል ፈጀባቸው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሥር ቆሞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ሆነው ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየጋለቡ ጠላትን ለግጥሚያ ተጣሩ፤ የወጣ አልነበረም። ወደ አምባው ተመለሱ፤ ቀኑ ሳይመሽም በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። እስከዚያች ሰዓት ከጎናቸው የቀሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።