ሉዊ ፓስተርና ስለ እኛ የሞቱት እንስሳት

ጨፋ ሮቢት አካባቢ ከብት የሚያረባ ሰው ቢጠይቁ የአባ ሰንጋን ክፋት ይነግርዎታል። ጤነኛ ሆኖ ያደረ በሬ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፤ ሥጋውን የበላም ይታመማል። ዛሬ ለዚህ በሽታ ክትባት አለ። በምን ዋጋ እንደተገኘ ግን አስበው ያውቃሉ?

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 በፈረንሳይ አገር ቆዳ በማልፋት ከሚተዳደር አባት ተወለደ። በ1881 በአንድ የገጠር መንደር 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 6 ከብቶች ከተበ፤ ሌሎች 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 4 ከብቶች ሳይከተቡ ቀሩ። ከዚያም ሁሉም የአባ ሰንጋ ጀርም ተወጉ። ያልተከተቡት በጎች በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቁ፤ የተከተቡት ከአንዲት እርጉዝ በግ በቀር ተረፉ።

ቀጥሎ በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ብዙ ውሾችና ጥንቸሎች ሠዋ። ሆኖም የውሻን የራስ ቅል መብሳት ስለከበደው፣ ረዳቱ ኤሚል ሩ እርሱ በሌለበት እንደሠራው ይነገራል። በ1885 በውሻ የተነከሰው የ9 ዓመቱ ጆዜፍ ማይስተር በፓስተር ክትባት ታክሞ በሕይወት ኖረ።

ፓስተር በ1895 አረፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ የታሪክ ተመራማሪው ጄራልድ ጋይሰን የግል ማስታወሻዎቹን መርምሮ ሌላ ነገር አሳየ። ለበጎቹ የተሰጠው ክትባት ፓስተር ሕዝቡ እንዲያምን ባደረገው መንገድ ሳይሆን ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ባዘጋጀው መንገድ የተሠራ ነበር። ልጁ የታከመበት ዘዴም በውሾች ላይ ተፈትኖ አላለቀም ነበር።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የፓስተር ተቋም ተከፈተ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ፓስተር ይባላል። የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መነሻም እርሱ ነው። በዚያ ለብዙ ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ነበር።

ወገኔ ሆይ፤ በግ ፈቃዱ አይጠየቅም። ስለዚህ በእርሱ የሚመራመር ሰው ርኅራኄና እውነት ዕዳ አለበት። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች ሦስት ነገር አሳሰቡ፦ በሌላ መንገድ መመራመር ከተቻለ እንስሳውን መተው፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቅለል። እንስሳ ሞቶ ውጤቱ በሐሰት ከተነገረ ግን ሞቱ በከንቱ ነው። ለእንስሳ መራራት የጻድቅ ጠባይ መሆኑን ለምናምን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከብትዎንና ውሻዎን ያስከትቡ። ብዙ ነፍስ የተከፈለበትን ስጦታ ችላ አይበሉ።