የወንዝ ዳሩ እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ወንዝ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ከሙያችን አንጋፋ ሥራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ቦይ በተቆፈረበትና ግድብ በተሠራበት ሞቃት ሥፍራ ውሃውን ተከትሎ የሚሰፍር አንድ ትንሽ ፍጡር አለ፤ ይኸውም ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣው በራሱ ማንንም አይነካም፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚያሳድገው ትል ግን ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ ያመጣል። የኅትመት ኮሚቴው ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ዕውቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ መሐንዲስ ያልነበሩትን ዶክተር አክሊሉ ለማን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዘመናቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

አክሊሉ የጣልያን ጦር አገራችንን በወረረበት በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ አድዋ ወረዱ፤ ያን ጊዜ ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበሩ።

በሽታው የሚዞርበትን መንገድ ሳያውቁ የሥራቸውን ዋጋ መመዘን አይቻልም። በሽተኛው ሜዳ ሲወጣ የትሉ እንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በዝናብና በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ እጩም ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። እዚያ ውስጥ ለሳምንታት ከተራባ በኋላ በሺህ የሚቈጠር ሌላ እጭ ሆኖ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ የምታጥበው ሴት፣ የሚዋኘው ልጅ፣ ውሃ የሚመራው ገበሬ ሁሉ የእርሱ ሰለባ ናቸው። ትሉ በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ይኖራል፤ እንቁላሉም ጉበት ላይ እየተጠራቀመ ከዓመታት በኋላ ሆድ ያሳብጣል። ቶሎ ስለማይገድል በሞት መዝገብ ላይ እምብዛም አይታይም። ጉልበት ያደክማል፣ ልጅ ያቀጭጫል፣ ተማሪን ያፈዛል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ቈጥሮ ማቅረብ ሬሳ ከመቍጠር ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

በአድዋ ወንዞች ዳር ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር። በትግርኛ ሽብቲ የሚባለው ይህ ተክል ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ እናቶቻችን ሸማ ሲያነጡበት የኖረ ነገር ነው። አክሊሉ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ከማጠቢያው ቦታ በታች የሞቱት ከሌላው ሥፍራ ይልቅ መብዛታቸውን አስተዋሉ። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ለምነው የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሯት፣ ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሴቶቹ እንዶድን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ እርሳቸው ያመጡት ጥያቄውን ነው።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ኢንስቲትዩቱ በእንዶድ ብቻ አልተወሰነም፤ በደጋው አገር ቁንጭር በሚባለው የቆዳ በሽታ ላይም ባልደረቦቻቸውን አስተባብረው ጥናት አድርገዋል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያወጡት የአዋሽ ሸለቆ ጥናት ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የቆቃ ግድብ በ1960 ተመርቆ ነበር፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1962 ተቋቁሞ ነበር። ለሸንኮራና ለጥጥ ልማት ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ትሉን በሆዱ ይዞ ይመጣል፤ ቦዩ ደግሞ ለቀንድ አውጣው ቤት ይሆነዋል። አክሊሉ የመረመሩት በጊዜው የነበረውን ሕመም ብቻ አልነበረም፤ እርሻው ሲስፋፋ በሽታው በጤናና በኢኮኖሚ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጭምር ነው። በእኛ የጥናት ሰነዶች ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለቁፋሮ ዓምድ አለ፤ ለሠራተኛው ጉበት የሚሆን ዓምድ ግን እስካሁን ስንት ሰነድ ላይ አይተናል?

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ 17 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባት በአድዋ እንዶድ በወንዞች ላይ ተሞከረ። ሙከራው ሲያበቃ ከ6 ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ 7 ወርዶ ተገኘ። ሕፃናቱን ለይቶ ማየት ትልቅ ብልኀት ነው። ትልቁ ሰው የድሮ ትሉን ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ አዲስ መያዝ መቅረቱን የሚመሰክረው ሕፃኑ ነውና። በዚያው ዘመን አሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው በስማቸው ለማቶክሲን አሉት። በእኛ ልማድ ለማ የአባት ስም ስለሆነ፣ ፈረንጆቹ ሳያውቁት ክብሩን ለአባትዮው ሰጡ ማለት ነው! ኋላም ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው እያስተያዩ 44 ቍጥር የተሰኘውን መረጡ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ የቀና ይመስላል። በገበያ ላይ የነበረው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሠራው ባይሉሳይድ ነበር፤ ዋጋውም በቶን ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። እንዶድ ግን በገበሬው አጥር ላይ ይበቅላል። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት የእንዶድ መርዝነት በታወቁ ላቦራቶሪዎች ተመርምሮ ካልቀረበ በቀር አልደግፍም አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው ማስረጃ አልበቃውም። እንዲህ ያለው ምርመራ የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ በኢንስቲትዩቱ እጅ አልነበረም፤ ከዚህ ተክል ብዙ የሚያተርፍ ኩባንያ ስላልነበረም ወጪውን የሚሸፍን አልተገኘም።

በእኔ አስተያየት ምርመራውን መጠየቁ ስሕተት አልነበረም። ሰው በሚጠጣው ወንዝ ላይ የሚረጨውን ነገር መፈተን ግዴታ ነው፤ እኛም ያልተፈተነ ብረት ድልድይ ላይ አናውልም። ስሕተቱ ፈተናውን አዝዞ ከፋዩን አለማዘጋጀቱ ነው። በ1986 በስዋዚላንድ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች የሚያስፈልገውን ምርመራ ዘረዘሩ፤ ሥራውም በካናዳ የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተካሄደ። እንዶድ ዐይንን የሚቆጠቁጥና ዓሣን የሚገድል ሆኖ ተገኘ፤ ዓሣን መግደሉን ግን ከባይሉሳይድ ጋር ይጋራዋል። ከአድዋው ወንዝ እስከዚህ ውጤት ድረስ 25 ዓመት ያህል ሄዷል።

በ1989 አክሊሉና ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ ያን ጊዜ በተባበሩት መንግሥታት አገልግሎት ላይ ነበሩ፤ በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከልም ምክትል ዲሬክተር ሆነው ሠርተዋል። በ1990 የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው፣ በአካባቢው ሐይቅ የኃይል ማመንጫዎችንና የውሃ ተቋሞችን ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን የሜዳ አህያ መስመር ያለበትን ባለ ዛጎል እንስሳ በእንዶድ ለመግደል ሙከራ ተጀመረ። ሙከራው ሠመረ፤ ዩኒቨርሲቲውም የፈጠራ ባለመብትነት ምስክር ወረቀት አወጣበት። ከፈልሳፊዎቹ መካከል አክሊሉ ቢመዘገቡም መብቱ የዩኒቨርሲቲው ነው። የአድዋ አጣቢዎች ዕውቀት ለአሜሪካ ቧንቧ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰነድ ሲያገኝ፣ ለአድዋ ሕፃናት 25 ዓመት መለመኑ እስከ ዛሬ ይቈረቍረኛል።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም፤ የዘመኑ ዋና መሣሪያ ፕራዚኳንተል የተባለው ኪኒን ነው፤ በአገራችንም ከ2015 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች አማካይነት በዘመቻ ይታደላል። ኪኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግም ከመያዝ አያድንም፤ ልጁ ኪኒኑን በዋጠ ማግሥት ወደዚያው ቦይ ይወርዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ይህን ኪኒን ማግኘት ይገባቸዋል ያላቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ ከ251 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር።