ድምርና ልዩነት፦ አለን ብሉምላይንና በሸክላ ማጫወቻ ውስጥ የሚሰማው ጥዝዝታ

በሸክላ ማጫወቻ መርፌ ራስ ውስጥ የሚገኘው ጥቅልል ሽቦ የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ግፊት እጅግ አነስተኛ ነው። ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው ዓይነት አምስት ሚሊቮልት ገደማ ሲሰጥ፣ ተንቀሳቃሽ ጥቅልል ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊቮልት ያነሰ ይሰጣል። ይህን የሚያጎላው መሣሪያ ሁሉንም ድግግሞሽ በእኩል አያጎላም። ሸክላው ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስ፣ በሚጫወትበት ጊዜ በዚያው ልክ ከፍ መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ላይ የዋለው መስፈርት እንደሚያዝዘው 50 ሄርዝ የሆነ ድምፅ 1,000 ሄርዝ ከሆነው በ17 ዴሲቤል፣ ማለትም በሰባት እጥፍ ገደማ በልጦ ይጎላል። 50 ሄርዝ ደግሞ በአገራችንም ሆነ በአውሮፓ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የመብራት ኃይል ድግግሞሽ ነው። ሸክላ የሚሰማ ሰው ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ጥዝዝ የሚል ድምፅ የሚያስተናግደው፣ አልፎ አልፎም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የሬዲዮ ንግግር የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ አለን ዳወር ብሉምላይን በብዙዎች ዘንድ የስቴሪዮ ድምፅ ፈልሳፊ ተብሎ ይታወቃል። ስለ እርሱ የተጻፉ ታሪኮች ሥራውን በስልክ፣ በሸክላ፣ በቴሌቪዥንና በራዳር ምዕራፎች የመከፋፈል ልማድ አላቸው። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ከመጀመሪያው የስልክ ሥራው አንሥቶ ብሉምላይን ደጋግሞ የታገለው ከአንድ ችግር ጋር ይመስለኛል፤ ይኸውም የሚፈለገውን ሲግናል ሳይጠራ ከገባው ለይቶ ማውጣት ነው። የተጠቀመበትም መንገድ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ሁለት ነገሮችን ወስዶ ድምራቸውንና ልዩነታቸውን መመርመር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሉምላይን ሰኔ 29 ቀን 1903 በለንደን ሃምፕስቴድ ተወለደ። አባቱ በጀርመን ተወልዶ የእንግሊዝ ዜግነት ያገኘ ሲሆን፣ እናቱ በደቡብ አፍሪካ ያገለገለ የስኮትላንድ ሚሲዮናዊ ልጅ ነበረች። በሰባት ዓመቱ የቤቱን የበር ደወል ጠግኖ ለአባቱ የሥራ ዋጋ ደረሰኝ እንዳቀረበ ይነገራል። ይኸው ልጅ ግን አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወጉ ማንበብ አይችልም ነበር። ከሃይጌት ትምህርት ቤት በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ሲቲ ኤንድ ጊልድስ ኮሌጅ ገብቶ በ1923 በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ተመረቀ። ወዲያው ከመምህሩ ከኤድዋርድ ማሌት ጋር በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ የሽቦን መቋቋም ስለ መለካት ያዘጋጀው ጽሑፍ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋምን ሽልማት አስገኘለት። በዕድሜ ልኩ ለዚህ ተቋም ያቀረባቸው ጽሑፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሐሳቡን ያኖረው በፓተንት ሰነዶች ውስጥ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የፓተንት ቋንቋ መብት ለማስከበር እንጂ አንድ ሰው ወደ ሐሳቡ እንዴት እንደደረሰ ለማሳየት አይጻፍምና።

በ1924 የተቀጠረበት፣ በኋላ ስታንዳርድ ቴሌፎንስ ኤንድ ኬብልስ የተባለው ድርጅት ረጅም የስልክ መስመሮችን ይሠራ ነበር። በአንድ ኬብል ውስጥ ብዙ ጥንድ ሽቦዎች ተጠጋግተው ሲሄዱ የአንዱ ጥንድ ንግግር ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ ደንበኛው የማያውቀውን ሰው ወሬ ይሰማል። ብሉምላይን ከባልደረባው ከጆን ፐርሲ ጆንስ ጋር በ1925 እና በ1926 በመስመሩ ላይ በየርቀቱ የሚገጠመውን ኢንዳክተር አሻሽሎ ይህን ፍሰት ቀነሰ። የስልክ ሰዎች ከመጀመሪያው የሚያውቁት መርሕ አለ፤ ንግግሩ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከውጭ የሚመጣው ብክለት ግን ሁለቱን ሽቦዎች በእኩል መጠን ስለሚነካ፣ ሁለቱ ሽቦዎች በፍጹም ሚዛናቸውን ከጠበቁ በተቀባዩ ዘንድ ይጣፋል። መላው ጥበብ ያለው ሚዛኑን በመጠበቁ ላይ ነው።

ከዚሁ ሥራ የመነጨው የመለኪያ ድልድይ ለርእሳችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ክምችት አቅም ለመለካት የሚሞክር ሰው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ልኬቱን ያበላሽበታል። ብሉምላይን እጅግ ተቀራርበው የተጠቀለሉ ኢንዳክተሮችን በድልድዩ ሁለት ክንዶች ላይ በማድረግ፣ ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት በውጤቱ ላይ ለውጥ እንዳያመጣ አደረገ። በሌላ አነጋገር መሬትን ከስሌቱ አስወጣት። በእነዚያው ዓመታት የሰው ጆሮ በየድግግሞሹ ያለውን የመስማት አቅም ለክቶ፣ ጫጫታን ጆሮ በሚሰማው መጠን የሚመዝኑ የማጣሪያ ሰርኪዩቶችን ነድፏል። ዛሬ የማጉያ አምራቾች ጥዝዝታን በሚመዝን ማጣሪያ ለክተው ቁጥሩን አሳንሰው ሲያቀርቡ፣ ከዚያ ዘመን የመጣ ዘዴ ነው የሚጠቀሙት፤ ጆሮ ለ50 ሄርዝ ደካማ ስለሆነ ቁጥሩ ያምራል።

በ1929 ወደ ኮሎምቢያ ግራፎፎን ኩባንያ ተሻገረ። ኩባንያው በኤሌክትሪክ ለሚቀረጹ ሸክላዎች ለአሜሪካው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ክፍያ ይፈጽም ስለነበር፣ የሥራ መሪው አይዛክ ሾንበርግ ከዚያ ፓተንት ነጻ የሆነ መሣሪያ እንዲነድፍ አዘዘው። ብሉምላይን ንዝረቱን በጎማ ሳይሆን በኤሌክትሮማግኔት ኃይል የሚገታ፣ ተንቀሳቃሽ ጥቅልል ያለው መቅረጫ ሠራ። በ1931 ኮሎምቢያ ከግራሞፎን ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ኢ.ኤም.አይ. ሲመሠረት፣ የምርምር ቤቱ በለንደን ምዕራብ በምትገኘው ሄይስ ሆነ።

በዚያው ዓመት ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከዶሪን ሌን ጋር ሲኒማ ገብቶ፣ ተዋናዩ በመጋረጃው አንድ ዳር ቆሞ ድምፁ ከሌላ ቦታ መምጣቱን አስተዋለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1931 ያስገባው ማመልከቻ ቁጥር 394,325 የሆነ ፓተንት ሆኖ ጸደቀ፤ 70 የመብት ጥያቄዎችን ይዟል። ሰነዱ ማይክሮፎንን፣ ፊልምንና ሸክላን አንድ ላይ ያጠቃልላል። ለሸክላ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ዛሬም የምንጠቀምበት ነው። የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች በ45 ዲግሪ ያዘነብላሉ፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ይሸከማል። ሁለቱ ድምፆች አንድ ዓይነት ሲሆኑ መርፌው ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል፤ በተለያዩ መጠን ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። የጎን እንቅስቃሴው የሁለቱ ድምር፣ የቁመት እንቅስቃሴው የሁለቱ ልዩነት ነው። ከማይክሮፎኖቹ የሚመጣውን ሲግናል በድምርና በልዩነት ለይቶ ካስተካከለ በኋላ መልሶ ወደ ግራና ቀኝ የሚያመጣ ሰርኪዩትም በዚያው ሰነድ ተገልጿል። የስልክ መሐንዲሱ ብክለትን ለመጣል የተጠቀመበት ሒሳብ እዚህ የድምፅን አቅጣጫ ለመያዝ ዋለ። በጥር 1934 ቶማስ ቢቻም የሞዛርትን ጁፒተር ሲምፎኒ በአቢ ሮድ ሲያለማምድ በዚህ ዘዴ ተቀረጸ። ኢ.ኤም.አይ. ግን ለገበያ አላወጣውም፤ የድርጅቱ ሐሳብ ወደ ቴሌቪዥን ዞሮ ነበር።

በቴሌቪዥኑ ሥራ ብሉምላይን በ405 መስመር ለሚሠራው ሥርዓት ብዙ አበርክቷል፤ ቢቢሲም ኅዳር 2 ቀን 1936 በአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭት ጀመረ። ለእኛ የሚያስፈልገው ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ያስመዘገበው፣ ረጅም ጭራ ያለው ጥንድ የሚባለው ሰርኪዩት ነው። ሁለት የቫኪዩም ቱቦዎች ካቶዶቻቸው ተገናኝተው በአንድ ትልቅ ሬዚስተር በኩል ይወርዳሉ፤ ጭራ የተባለው ይህ ሬዚስተር ነው። የሁለቱ መግቢያዎች ቮልቴጅ እኩል ከፍ ቢል ጭራው ኤሌክትሪኩ እንዳይጨምር ስለሚይዘው በመውጫው ላይ የሚታይ ለውጥ እምብዛም አይኖርም። አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ሲል ግን ልዩነቱ በሙሉ ይጎላል። ሁለት ሽቦ ባለው ሚዛናዊ ኬብል የሚመጣን ሲግናል ተቀብሎ፣ በመንገድ ላይ በሁለቱም ሽቦ የገባውን ብክለት ለመጣል ከዚህ የተሻለ ነገር አስቸጋሪ ነበር። እዚህ ላይ ክብሩን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ የሰውን ነርቭ ኤሌክትሪክ የሚለኩ ሳይንቲስቶች ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው፤ የካምብሪጁ ብራያን ማቲውስም በ1934 የልዩነት ማጉያ አሳትሞ ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር ሥራው ወደ ራዳር ዞረ። ሰኔ 7 ቀን 1942 ኤች ቱ ኤስ የተባለውን፣ ከአውሮፕላን ሆኖ ምድርን የሚያሳይ ራዳር ለመፈተሽ ከዴፎርድ የተነሣው የሃሊፋክስ አውሮፕላን በሄርፎርድሻየር፣ ዌልሽ ቢክነር አጠገብ ወደቀ። የሞተር ቫልቭን የሚቆጣጠር ለውዝ በወጉ ሳይጠብቅ በመቅረቱ በአንደኛው ሞተር እሳት ተነሥቶ ነበር። ብሉምላይንና ሁለት የኢ.ኤም.አይ. ባልደረቦቹ፣ ሲሲል ብራውንና ፍራንክ ብላይዘን፣ ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር ሞቱ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር፤ በስሙ 128 ፓተንቶች አሉ። ሚስጥሩ እንዳይወጣ ሞቱ ጦርነቱ እስኪያበቃ በይፋ አልተነገረም። በሙያው ዓለም አንድ ሰው ሲሞት ባልደረቦቹ ተቀምጠው ሥራውን የሚያጠቃልሉበት ጽሑፍ በጊዜው አልተጻፈለትም። በስልክ፣ በሸክላና በቴሌቪዥን ሥራው መካከል ያለው ዝምድና ተነጣጥሎ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1957 ዌስትሬክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ45 ዲግሪ የሚቀርጽ መሣሪያ አቀረበ፤ በ1958 የስቴሪዮ ሸክላዎች ገበያ ላይ ዋሉ። የብሉምላይን ፓተንት ዘመን ያኔ አልፎ ነበር። ለቤት ውስጥ የተሠራው መሣሪያ የቦዩን ሐሳብ ወሰደ፤ ስለ ሚዛናዊ መስመር ያስተማረውን ግን ተወ። የመርፌው ራስ በተፈጥሮው ሚዛናዊ ምንጭ ነው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ጫፎች አሉት፤ አንዳቸውም ከመሬት ጋር መያያዝ የለባቸውም። አምራቾች ግን ለዋጋ ሲሉ ከሁለቱ አንዱን ጫፍ ከሽፋኑ ሽቦ ጋር አገናኙት። ማጫወቻውና ማጉያው በየራሳቸው መንገድ ከመሬት ጋር ሲያያዙ በሽፋኑ ውስጥ የሚዞረው የመብራት ኤሌክትሪክ ከሲግናሉ ጋር ተደምሮ ይገባል። ይባስ ብሎ፣ ዛሬ በአብዛኞቹ የማጉያ ቺፖች መግቢያ ላይ የሚገኘው ያው ረጅም ጭራ ያለው ጥንድ ነው። አንደኛው እግሩ ለግብረ መልስ ስለሚውል፣ ከሽፋኑ የሚመጣውን ብክለት የመጣል ችሎታው ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ሚዛናዊ መስመር ለሁሉም ጥዝዝታ መድኃኒት አይደለም። የትራንስፎርመር ወይም የሞተር መግነጢሳዊ መስክ በቀጥታ የመርፌውን ጥቅልል ሲያቋርጥ የሚፈጥረው ቮልቴጅ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚታይ ልዩነት ነው፤ ማጉያው ከሙዚቃው ሊለየው አይችልም። መፍትሔው ማራቅ፣ ማዞር ወይም በልዩ የብረት ቅይጥ መሸፈን ብቻ ነው። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ያስቸግራል። አንድ ሜትር የሆነው ሽቦ እንደ አንቴና ይቀበለዋል፤ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያጣራ የጣቢያው ንግግር ይገለጣል። በዚያ ከፍተኛ ድግግሞሽ የሁለቱ ሽቦዎች ሚዛን ስለሚፈርስ፣ በመግቢያው ላይ ትንሽ ካፓሲተርና የፌራይት ቀለበት ያስፈልጋሉ።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የወጡትን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወደ ዲጂታል ለሚቀይሩ የምርምር ተማሪዎች ይህ ልዩነት የሥራ ጉዳይ ነው። በ50 ሄርዝ ላይ በሶፍትዌር የሚደረግ ማጣሪያ ከጥዝዝታው ጋር የቤዝ ጊታሩንና የከበሮውን የታችኛ ድምፅ ይዞ ይሄዳል፤ ከቀረጻ በፊት የመሬት ሽቦውን መንገድ መመርመር ይቀድማል። ሸክላው በሞኖ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ሙዚቃው ያለው በጎን እንቅስቃሴው ውስጥ ብቻ ነው። በስቴሪዮ መርፌ ተጫውቶ ግራና ቀኙ ሲደመሩ፣ ከመሽከርከሪያው መንቀጥቀጥና ከሸክላው መጣመም የሚመጣው የቁመት እንቅስቃሴ ተጣፍቶ ይወጣል።