ማረሻው ከማን እጅ ወጣ? የመምህር ታምራት አማኑኤል ሕይወት



በደምቢያም ሆነ በጭልጋ፣ በወገራም ሆነ በሰሜን፣ በድሮ ገበሬ ቤት የነበረውን ዕቃ እስቲ አብረን እንቁጠር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ጋን፣ ድስት፣ ምጣድ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ነበሩ። በጎንደር ዙሪያ ደግሞ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ገበሬው እነሱ በቀጠቀጡት ማረሻ አርሶ፣ እነሱ በጋገሩት ድስት ወጥ አሠርቶ ከበላ በኋላ፣ ዞር ብሎ ቡዳ ናቸው ይል ነበር። ልጅ ሲታመም እነሱ በሉት፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ እነሱ ናቸው ይባል ነበር።

ነገሩ በስድብ ብቻ ቢያልቅ ባልከፋ። ዋናው ጉዳይ መሬት ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ተብሎ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ቤተ እስራኤል በሰው ርስት ላይ ተጠግቶ የሚኖር ሆነ። ባለርስቱ ግን ርስቱን የተለየ መብት ነው ብሎ አይቆጥረውም ነበር። አባቴ ያወረሰኝ ነው ይላል፣ አለቀ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንደሚባለው ነው።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ከዚሁ ሕዝብ የወጡትን መምህር ታምራት አማኑኤልን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አቶ ታምራት በ1888 ጎንደር ግድም ተወለዱ። ዘመኑ ለማንም የማይመች ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር ከመተማ የተነሣው የድርቡሽ ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ፣ ጎንደርን ዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። በዓመቱ መጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በላዩ ላይ የከብት እልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ። ደሃውም ባለጸጋውም አለቀ፤ መሬት የሌለው ግን መጀመሪያ አለቀ።

የአቶ ታምራት ቤተሰብ በሚሲዮኖች ስብከት ክርስትናን ከተቀበሉት ቤተ እስራኤል ወገን ነበር። ልጁ ፊደል የቆጠሩት አሥመራ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የሚባለው አይሁዳዊ ምሁር በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስለ ቤተ እስራኤል ሲያጠና አገኛቸው። በ1905 ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ፤ አንደኛው ጌቴ ኤርምያስ፣ ሁለተኛው ታምራት ነበሩ። መጀመሪያ ፓሪስ ገቡ። በኋላም ጣሊያን አገር ፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የረቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። በአገራቸው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው፤ ያውም በአመዛኙ ለመኳንንት ልጆች ነበር። እንግዲህ የአንጥረኛና የሸክላ ሠሪ ወገን የሆነ ልጅ አገር ውስጥ ያጣውን ደጃፍ በአጋጣሚ ውጭ አገር አገኘ ማለት ነው። ያን አጋጣሚ ያላገኙት ስንት ነበሩ? ይህን ቆጥሮ የጻፈ የለም።

አቶ ታምራት በ1920 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተና ዳይሬክተር ሆኑ። ተማሪዎቹ ከጎንደር መንደሮች ተመልምለው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነበር የሚመጡት። በመንደራቸው ስማቸው ከጅብ ጋር ይነሣ የነበሩ ልጆች፣ በዚያ ቤት አማርኛና ዕብራይስጥ፣ የውጭ ቋንቋና ሒሳብ ተማሩ። ከፊሎቹም ለትምህርት ወደ ውጭ ተላኩ። ወለቃ የተወለዱት ዮና ቦጋለም በውጭ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምረዋል።

ከዚያ ፋሽስት ኢጣሊያ መጣ። አቶ ታምራትን አስተምራ የላከች አገር በ1937 ጣሊያናዊና ጥቁር እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ የሚከለክል የዘር ሕግ አወጣች። በ1938 ደግሞ የራሷን አይሁዶች ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ አባረረች። አቶ ታምራት ጥቁርም አይሁድም ነበሩ፣ በሁለቱም በኩል ተፈርዶባቸዋል። በወረራው ዘመን አገር ለቀው በግብፅና በኢየሩሳሌም በስደት ኖሩ። ጠላት በ1941 ሲባረር ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ገቡ። በኋላም ፓሪስ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የጻፉት ጥናት እስከ ዛሬ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ይጠቅማል። በ1963 ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ቤተ እስራኤልም ራሳቸው ባሪያ ያሳድሩ ነበር። ባሪያ የሚባሉት ሰዎች ሃይማኖቱን ቢቀበሉም እንደ እኩል አይታዩም ነበር፤ ወደ ጸሎት ቤት እንዳይገቡ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ይደረጉ ነበር። የተናቀውም ከበታቹ የሚንቀው ነበረው እኮ! ራሱ ግን ንቀት መሆኑ አይታየውም፤ ሥርዓት ነው፣ ወግ ነው ይላል። ባለርስቱም ያለው ይህንኑ ነበር። ከላይ የሚመጣው ሸክም ያጎብጠናል፤ እኛ በሌላው ላይ የጫንነው ግን ከቶ አይከብደንም።

በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፣ ቤተ እስራኤልም የሚያርሱት መሬት ሊያገኙ ቻሉ። ሆኖም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አብዛኞቹ አገር ለቀቁ፤ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሄዱ። እዚያም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። በ1996 ከኢትዮጵያ የሄዱት የለገሱት ደም በሽታን በመፍራት ለብዙ ጊዜ ተለይቶ ይጣል እንደነበር ሲታወቅ ብዙ ሺሕ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። እዚህ በእጅ ሥራቸውና በሃይማኖታቸው፣ እዚያ በቆዳ ቀለማቸው ተለዩ።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ፣ ነገ ጠመኔ ይዘን ለምንቆመው ምን ይጠቅማል? ቤተ እስራኤል ቢሄዱም ልማዱ አልሄደም። በየወረዳው የሸማኔ ልጅ፣ የአንጥረኛ ልጅ፣ የቆዳ ፋቂ ልጅ፣ ባሪያ ተብሎ የተሰደበ ሰው የልጅ ልጅ አለ። እዚሁ ጭልጋም ቢሆን ቅማንቱ ለዘመናት ማገዶ ለጎንደር ሲያቀርብ፣ በዚያው ማገዶ የሞቀው ሰው ስም ያወጣለት ነበር።

ክፍል ስንገባ እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። እጁን ካወጣው መካከል ሁልጊዜ የምንጠራው ማንን ነው? ልጆች አብረውት መቀመጥ የማይፈልጉት ልጅ አለ? ምሳውን ብቻውን የሚበላው ማን ነው? ተረት ስንተርት፣ ምሳሌ ስንሰጥ፣ የምንስቀው በማን አባት ሥራ ነው? ይህን ለማየት በጀት አያስፈልግም፣ መመሪያም አይጠበቅም። ዓይንን መግለጥ ይበቃል።

አቶ ታምራት አንድ ደጃፍ ተከፈተላቸውና እሳቸውም በተራቸው ለሌሎች ከፈቱ። የመምህርነት ትርጉሙ ይኸው ነው። ከመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው ልጅ ደጃፍ እየጠበቀ ይሆናል። ቁልፉ በእጃችን ነው፤ መኖሩን የማናውቀው ግን ለእኛ በሩ ቀድሞውንም ተከፍቶ ስለ ጠበቀን ነው።